ቡና በጠርሙስ ውስጥ፤ ጭንቀት በዕፀዋት ሕዋሳት ላይ የሚያመጣው ለውጥ አጭር ታሪክ

ዕፀዋት እንደ እንስሳት ከጠላታቸው ሸሽተው ለማምለጥ አይችሉም። ፀሐይ ቢበረታባቸው ከጥላ አይገቡም፤ ዝናብ ቢጠፋባቸው ወንዝ ፍለጋ አይወርዱም፤ ትል ቢበላቸውም የሚያባርሩበት እጅ የላቸውም። ስለዚህ የሚመጣባቸውን መከራ ሁሉ በተተከሉበት ቦታ ቆመው የሚቋቋሙት፣ በሰውነታቸው ውስጥ ልዩ ልዩ ንጥረ ነገር እያዘጋጁ ነው። የቡናን ፍሬ እንቅልፍ አባራሪ ያደረገው፣ በርበሬን የሚያቃጥል፣ ግራዋንም መራራ ያደረገው ይኸው ዝግጅት ነው እንጂ፣ ለሰው ምላስ ተብሎ የተደረገ ነገር አይደለም።

እኛ የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ለዚህ የበዓል መጽሔት ታሪክ ጻፉ በተባልን ጊዜ፣ የነገሥታትንና የጦርነትን ታሪክ ጓደኞቻችን እንደሚጽፉት ዐውቀን፣ የአንድ ሳይንስ ታሪክ ለመጻፍ ወሰንን። የመረጥነውም ሊቃውንት የዕፅን ሕዋስ ከግንዱ ለይተው በጠርሙስ ውስጥ እያኖሩ፣ በጨው፣ በብርሃንና በጥማት እያስጨነቁ በውስጡ ያለው ኬሚካል እንዴት እንደሚለወጥ የመረመሩበትን ታሪክ ነው። በተለይም ስለ ቡና ብዙ እንላለን። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ከመካከላችን የደብተሩና የልብሱ ገንዘብ ከቡና ሽያጭ የሚመጣለት ተማሪ ጥቂት አይደለም። በጽሑፋችን የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢዎቻችን እንዲያውቁልን እንለምናለን።

የነገሩ መነሻ ጎትሊብ ሐበርላንት የተባለ ኦስትርያዊ የዕፀዋት ሊቅ ነው። ይህ ሰው በ1902 ባወጣው ጽሑፍ አንድ ደፋር አሳብ አቀረበ። ዕፅ ሁሉ ሕዋስ ከሚባሉ በዓይን ከማይታዩ ትናንሽ ክፍሎች የተሠራ እንደ መሆኑ መጠን፣ አንዱን ሕዋስ ብቻ ለይተን ምግቡን ብንሰጠው፣ ብቻውን ሊኖርና ሊባዛ፣ እንዲያውም ሙሉ ተክል ሊሆን ይገባዋል አለ። ይህንንም በቃል ብቻ አልተወውም። ላሚዩም ከሚባል ተክል ቅጠል ሕዋሳትን አውጥቶ፣ ማዕድን የሚሟሟበት ውሃና ስኳር ሰጣቸው። ሕዋሳቱም ለሳምንታት በሕይወት ቆዩ፤ በመጠን አደጉ፤ በውስጣቸውም ስታርች አከማቹ። ነገር ግን አንድም ሕዋስ ለሁለት ተከፍሎ አልተባዛም። ሐበርላንት የጎደለው ትዕግሥት አልነበረም። ሕዋስን ተባዛ የሚለውን ሆርሞን የሚባለውን ነገር በዚያን ጊዜ የሚያውቀው ማንም አልነበረም።

ከዚያ በኋላ 30 ዓመት ያህል ነገሩ በዚያው ቆየ። በ1934 ፊሊፕ ዋይት የተባለው አሜሪካዊ የቲማቲምን የሥር ጫፍ ቈርጦ፣ ስኳርና ማዕድን የእርሾም ጭማቂ ባለበት ውሃ ውስጥ ቢያኖረው፣ ሥሩ ቅጠልና ግንድ ሳይኖረው ማደጉን ቀጠለ። ያደገውን እየቈረጠ ወደ አዲስ ጠርሙስ ቢያዛውረው ማብቂያ አጣለት። በ1939 ደግሞ ሮዤ ጎትሬና ፒዬር ኖቤኩር በፈረንሳይ አገር ከካሮት፣ ዋይትም ከትንባሆ፣ ቅርጽ የሌለው እንደ ሊጥ ያበጠ የሕዋሳት ክምር ያለማቋረጥ ለማሳደግ ቻሉ። ሦስቱ ሰዎች በአንድ ዓመት ከአንድ ውጤት መድረሳቸው ያስደንቃል። በዛሬው ቋንቋ ቲሹ ካልቸር የሚባለው ጥበብ ተወለደ የሚባለው በዚህ ዓመት ነው።

ቀጥሎ ያለውን ባጭሩ እናልፈዋለን። በ1955 በዊስኮንሲን ዩኒቬርሲቲ እነ ካርሎስ ሚለርና ፎልኬ ስኩግ ከሄሪንግ ዓሣ ዘር ከተገኘ ዲ ኤን ኤ ውስጥ ካይኔቲን የሚባለውን ሕዋስ አባዢ ንጥረ ነገር አወጡ። በ1957 ሁለት ዓይነት ሆርሞኖችን በልክ በማመዛዘን ከሕዋሱ ክምር እንዳስፈለገ ሥር ወይም ቅጠል ለማውጣት እንደሚቻል አሳዩ። በ1958 ፍሬድሪክ ስቲዋርድ ከካሮት ሕዋሳት ሙሉ የካሮት ተክል አሳደገ፤ የሐበርላንትም አሳብ ከ56 ዓመት በኋላ እውነት ሆኖ ተገኘ። በ1962 ሙራሺጌና ስኩግ ለትንባሆ ያዘጋጁት የምግብ ቀመር ወጣ፤ እስከ ዛሬም በዓለም ላይ ያሉ ቤተ ሙከራዎች የሚጠቀሙበት ይህንኑ ነው።

ሕዋሱ በጠርሙስ ውስጥ መኖር ከቻለ ዘንድ፣ ነጋዴዎች አንድ ጥያቄ አነሡ፤ ዛፉ የሚሠራውን መድኃኒትና ቀለም ሕዋሱ ብቻውን ይሠራልን ይሆን? ዛፍ ተክሎ ዓመታት ከመጠበቅ፣ ጠላ እንደሚጠመቅ ሁሉ ሕዋሱን በጋን ውስጥ ጠምቆ መድኃኒቱን መቅዳት ይሻላል የሚል አሳብ ነበር። በ1956 ለዚህ ነገር በአሜሪካ የፈጠራ መብት የወሰደ ድርጅት ነበረ። ነገር ግን እንደ ታሰበው አልሆነም። ሕዋሱ በደስታ ይበላል፤ ይባዛል፤ የሚፈለገውን ኬሚካል ግን ወይ አይሠራም ወይ በጣም ጥቂት ይሠራል። ምግቡ የተሟላ፣ ሙቀቱ የተመጠነ፣ ትልና በሽታ የሌለበት ኑሮ ሲሰጡት መሣሪያውን ጣለ ማለት ነው። ሊቃውንቱም ከዚህ በኋላ ያስተዋሉት ነገር ለእኛ የታሪኩ ዋና ክፍል መስሎ ይታየናል፤ ሕዋሱ ሥራ የሚጀምረው ሲቸገር ነበር።

እዚህ ላይ ወደ ቡና እንመለስ። ካፌይንን ከቡና ፍሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ለይቶ ያወጣ ፍሪድሊብ ሩንገ የተባለ ወጣት ጀርመናዊ ኬሚስት ሲሆን፣ ዘመኑም 1819 ነበር። የቡናውን ፍሬ ሰጥቶ መርምረው ያለው ታላቁ ባለ ቅኔ ጎተ መሆኑ ይነገራል። ካፌይን ለሰው ምን እንደሚያደርግ ወዲያው ታወቀ። ለዛፉ ምን እንደሚያደርግ ለማወቅ ግን ብዙ ዘመን ወሰደ። በ1984 ጄምስ ናታንሰን የተባለ መርማሪ፣ ካፌይን የትንባሆን ቅጠል የሚበላውን ትል ከመብላት እንደሚከለክለው፣ ሲበዛም እንደሚገድለው አሳየ። እንግዲህ እንግዳ ሲመጣ በሦስት ሲኒ የምናቀርበው ነገር በተፈጥሮው ፀረ ተባይ ነው። የአንዱ ካፌይን ሞለኪዩል 4 የናይትሮጂን አቶሞች አሉበት፤ ናይትሮጂን ደግሞ ለተክል እንደ ገንዘብ ነው። ተክሉ ቅጠል ሊያበጅበት የሚችለውን ይህን ሀብት ለመከላከያ ካዋለው፣ ነገሩ በከንቱ የሚባክን አይደለም።

በስዊስ አገር፣ በዙሪክ ዩኒቬርሲቲ፣ ኬለር፣ ቫነርና ባውማን የተባሉ ሊቃውንት በ1972 የቡናን ሕብረ ሕዋስ በጠርሙስ ውስጥ አሳድገው ካፌይን መሥራቱን አስታወቁ። አበባ የለም፤ ፍሬ የለም፤ ቅጠልም የለም፤ ካፌይኑ ግን አለ። ከዚያም 13 ዓመት ቆይቶ፣ በ1985 ፍሪሽክኔክትና ባውማን የዚህ ጽሑፍ ምክንያት የሆነውን ሙከራ አወጡ። በፈሳሽ ምግብ ውስጥ የሚኖሩትን የቡና ሕዋሳት ሁለት ዓይነት መከራ አመጡባቸው። አንደኛው ብርቱ ብርሃን ነው። ሁለተኛው ጨው ነው፤ ያውም ማንኛችንም በቤታችን የምንበላው ጨው። በገጠር ቡናን በጨው የሚጠጡ እናቶች እንዳሉ የታወቀ ነው፤ እነዚህ ሰዎች ግን ጨውን የጨመሩት በሲኒው ላይ ሳይሆን በሕያው ሕዋስ ላይ ነው። ውጤቱም የካፌይንና የዘመዶቹ መጠን ከፍ ማለት ሆነ።

ስለ ብርሃኑ ጥቂት ማሰብ ይገባል። የዓረቢያ ቡና ተብሎ በሊኔየስ በ1753 ስም የወጣለት ቡና፣ ስሙ እንዲህ ይባል እንጂ የትውልድ አገሩ የኢትዮጵያ ደቡብ ምዕራብ ጫካ ነው። በከፋና በአካባቢው ከትልልቅ ዛፎች በታች፣ በጥላ ውስጥ የሚበቅል ተክል ነው። ለስንዴ ምቾት የሆነው ብርሃን ለእርሱ ሸክም ቢሆንበት አያስደንቅም። ይህን የምንለው በራሳችን ግምት ነው እንጂ ጠርሙስ ውስጥ ያለው ሕዋስ ጫካውን ያስታውሳል ለማለት አይደለም።

ጨው ለምን ያስጨንቃል? ወላጆቻችን መልሱን ከማድ ቤት ያውቁታል። በተከተፈ ጎመን ላይ ጨው ቢነሰነስበት ውሃውን ይለቃል፤ ሥጋም በጨው ታሽቶ ቢሰቀል ይደርቅና ቋንጣ ይሆናል። ከሕዋሱ ውጭ ያለው ውሃ ጨው ሲበዛበት የውስጡን ውሃ ወደ ውጭ ይስባል። ሕዋሱ በውሃ መካከል ተቀምጦ ይጠማል ማለት ነው። ስለዚህም ለሊቃውንቱ ድርቅና ጨው የአንድ እናት ልጆች ሆኑ።

ተክል በዚህ ጥማት ጊዜ የሚያደርገውን አስቀድመው ያዩት ኬምብልና ማክፈርሰን ነበሩ። እነርሱ በ1954 ሬይግራስ የሚባለውን የከብት መኖ ሣር አጠውልገው ቢመረምሩት፣ ፕሮሊን የተባለው አሚኖ አሲድ በውስጡ እጅግ በዝቶ አገኙት። በዚያን ጊዜ ይህ ነገር ስለ አንድ ሣር የተጻፈ ትንሽ ወሬ ይመስል ነበር። በኋላ ግን በብዙ ዕፀዋት ዘንድ እንዲሁ መሆኑ ታየ። ሕዋሱ ከውጭ ጨው ሲስብበት፣ እርሱም በበኩሉ ፕሮሊንና ስኳር የመሰሉ የማይጎዱትን ነገሮች በውስጡ አከማችቶ ውሃውን ወደ ራሱ መልሶ ይስባል። የገመድ ጉተታ ይመስላል።

ይህን ጉተታ በደንብ ያጠኑት በአሜሪካ በፐርዱ ዩኒቬርሲቲ የነበሩ እነ ፖል ሐሰጋዋና ሬይ ብሬሳን ናቸው። በ1980ዎቹ ዓመታት የትንባሆን ሕዋሳት ቀስ በቀስ፣ ከትውልድ ወደ ትውልድ፣ ጨው እያለማመዱ በአንድ ሊትር 25 ግራም ጨው ባለበት ምግብ ውስጥ እስኪኖሩ ድረስ አደረሷቸው። የውቅያኖስ ውሃ በአንድ ሊትር 35 ግራም ያህል እንዳለው ስናስብ ነገሩ ቀላል አይደለም። በእነዚህ ሕዋሳት ውስጥ ፕሮሊን በዛ። ከዚህም ሌላ ባልተለማመዱት ሕዋሳት ዘንድ ያን ያህል የማይታይ አንድ ፕሮቲን ተከማችቶ ተገኘ፤ በ1987 ኦስሞቲን ብለው ስም አወጡለት። የሚያስደንቀው፣ ከዚህ ፕሮቲን ወገን የሆኑት በኋላ ሲመረመሩ ሻጋታን የሚዋጉ ሆነው መገኘታቸው ነው። ጥማትና በሽታ ለእኛ ሁለት ነገሮች ናቸው፤ ለተክሉ ግን መሣሪያው አንድ ነበር።

አንባቢ እስካሁን ካልነው፣ ጭንቀት በበዛ ቍጥር ኬሚካሉም ይበዛል የሚል ሕግ እንዳያወጣ እንፈራለን። የጃፓንን ታሪክ የምናመጣው ስለዚህ ነው። በጃፓን አገር ሙራሳኪ የሚባል ተክል አለ፤ ከሥሩ ሺኮኒን የሚባል ቀይ ሐምራዊ ቀለም ይወጣል። ከጥንት ጀምሮ የመኳንንት ልብስ ሲቀለምበት፣ ቍስልም ሲታከምበት ኖሯል። ተክሉ ግን ለመድረስ ዓመታት ይፈልጋል፤ በጫካም እየጠፋ ሄደ። በኪዮቶ ዩኒቬርሲቲ ማሞሩ ታባታና ጓደኞቹ በ1974 ሕዋሱን በጠርሙስ አሳድገው ሲመረምሩ፣ ብርሃን ሲያገኝ ቀለሙን መሥራት ይተዋል፤ በጨለማ ሲሆን ይሠራል። ለቡና ሕዋስ ካፌይን የጨመረለት ብርሃን የሙራሳኪን ቀለም አጠፋው። ነገሩ ሲታሰብ ግን ትክክል ነው፤ ቀለሙ የሥር ቀለም ነው፤ ሥር ደግሞ ቤቱ ጨለማ ነው።

አሞንያ ያለበት ማዳበሪያም እንደ ብርሃኑ ቀለሙን የሚያጠፋ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ ሚትሱይ ፔትሮኬሚካል የተባለው ኩባንያ ሥራውን በሁለት ጋን ከፈለው። በመጀመሪያው ጋን ሕዋሱ ጠግቦ እየበላ ይባዛል። ከዚያም ወደ ሁለተኛው ጋን ይገለበጣል፤ በዚያ ምግቡ የተለየ ነው፤ አሞንያ የለበትም፤ ሕዋሱም መባዛቱን ትቶ ቀለም መሥራት ይጀምራል። ዓመታት ይፈጅ የነበረው ሥራ በሳምንታት አለቀ። በ1983 ሺኮኒን ከዕፅ ሕዋስ ጠመቃ ለገበያ የወጣ የመጀመሪያው ንጥረ ነገር ሆነ፤ የሴቶች የከንፈር ቀለምም ተሠራበት። እኛ ከዚህ ታሪክ ሁሉ የሁለቱን ጋን ብልሃት አብልጠን ወደድነው። ማደግና መከላከል ባንድ ኪስ ገንዘብ የሚኖሩ ሁለት ወንድማማቾች መሆናቸውን ነጋዴ ከሊቅ ባላነሰ አስተዋለ።

የቀረው ጥያቄ ሕዋሱ መከራ መምጣቱን በምን ያውቃል የሚል ነበር። በ1992 በጀርመን አገር በሙኒክ፣ በማይንሃርት ዜንክ ቤተ ሙከራ የነበሩ መርማሪዎች መልሱን አመጡ። ከእርሾ የተገኘ ነገር በሕዋሱ ላይ ቢጨምሩ፣ ሕዋሱ ሻጋታ የመጣበት መስሎት ጃስሞኒክ አሲድ የሚባል መልእክተኛ ያወጣል፤ መከላከያውም ሥራ የሚጀምረው በዚህ መልእክተኛ ትእዛዝ ነው። ይህንንም በ36 ዓይነት ዕፀዋት ሕዋሳት ላይ አይተውታል። ነገሩን የሚያስቅ የሚያደርገው የዚሁ መልእክተኛ ዘመድ የሆነው ሜቲል ጃስሞኔት በ1962 መጀመሪያ የተገኘው ከጃስሚን አበባ ዘይት ውስጥ ሲሆን፣ ይፈለግ የነበረውም ለሽቶ መሆኑ ነው። ሰው እንደ መልካም መዓዛ ያሸተተውን ዕፅ እንደ ነጋሪት ይሰማዋል።

ከዚህ በኋላ እውነተኛ መከራ ማምጣት ሳያስፈልግ ነጋሪቱን ብቻ መምታት ተቻለ። በአሜሪካ ምዕራብ ከሚበቅለው ታክሰስ ከሚባል ዛፍ ቅርፊት ታክሶል የሚባል የካንሰር መድኃኒት ይወጣል፤ በ1992 በአሜሪካ መንግሥት ተፈቀደ። ነገር ግን ቅርፊቱ የተላጠ ዛፍ ይሞታል፤ ዛፉም በጣም ቀስ ብሎ የሚያድግ ነው። አንዱን በሽተኛ ለማዳን ዛፎች መግደል ግድ ሆኖ ነበር። በ1996 ዩኪሙኔና ጓደኞቹ በጃፓን ሜቲል ጃስሞኔትን በታክሰስ ሕዋሳት ላይ ቢያፈሱ መድኃኒቱ እጅግ መጨመሩን አስታወቁ። ብሪስቶል ማየርስ ስክዊብ የተባለው ኩባንያም መድኃኒቱን በሕዋስ ጠመቃ ማምረት ስለ ጀመረ በ2004 በአሜሪካ አገር ሽልማት አገኘ። ከቀረው ታሪክ ሁሉ ይህ ክፍል ለሰው ሕይወት የቀረበ ስለ ሆነ፣ ሳይንስን ለፈተና ብቻ የሚያጠኑ ጓደኞቻችን ቢያነቡት መልካም ነው።

ይህም ሁሉ ሆኖ የጠርሙስ ሕዋስ ዛፍ አይደለም። ዛፍ በጥማት ጊዜ ሥሩን ወደ ታች ይሰዳል፤ ቅጠሉን ያረግፋል፤ ካፌይኑን ለአዲስ ቅጠልና ለፍሬ ይመድባል። ጠርሙስ ውስጥ ያለው ሕዋስ ከእነዚህ አንዱንም አያደርግም። ስለዚህ ከዙሪኩ ሙከራ ተነሥቶ፣ በድርቅ ዓመት የተለቀመ የሲዳሞ ቡና ካፌይኑ የበዛ ነው ብሎ የሚናገር ቢኖር ነገሩን አያምታታው። ጠርሙሱ የሚያሳየው ሕዋሱ የሚችለውን ነው፤ ዛፉ የሚያደርገውን ለማወቅ ወደ ማሳ መውረድ ያስፈልጋል። አገራችንም ለዚህ ሥራ በ1967 በጅማ፣ መልኮ በተባለው ስፍራ የቡና ምርምር ጣቢያ አቁማለች።

ወላጆቻችንን ሊያሳስብ የሚችለው ነገር ግን ሌላ ነው። በ1974 ታውንስሊ የተባለ ሊቅ የቡናን ሕዋስ በፈሳሽ ውስጥ አሳድጎ መጠጥ ማድረግ ይቻላል የሚል ጽሑፍ አወጣ። በ1974 ይህን ያነበበ ነጋዴ የፈራ አይመስለንም። ከ47 ዓመት በኋላ፣ በ2021 ቪ ቲ ቲ የተባለው የፊንላንድ የምርምር ድርጅት የቡና ሕዋሳትን በብረት ጋን አሳድጎ፣ አድርቆ፣ ቈልቶ አፈላው፤ መዓዛውም ጣዕሙም ቡና ቡና የሚል መሆኑን አስታወቀ። ፊንላንድ ደግሞ ቡና አብዝተው ከሚጠጡት አገሮች አንዷ ናት። ያን ጊዜ ወደ ገበያ ለመውጣት የመንግሥታት ፈቃድ ያስፈልገው ነበር።

ነገሩን ስናየው ጋኑ ስኳር፣ ኤሌክትሪክና ሻጋታ የማይገባበት ንጹሕ ቤት ይፈልጋል፤ ይህም ርካሽ አይደለም።  በእኛ አስተያየት ገበሬያችን ከጋኑ ጋር በካፌይን ብዛት ሊወዳደር አይገባውም፤ ካፌይንንማ በጨውና በብርሃን ማብዛት እንደሚቻል ከ1985 ጀምሮ የታወቀ ነው። ጋኑ ሊሠራው የማይችለው አንድ ነገር አለ፤ እርሱም የዘር ልዩነት ነው። ጋኑ የሚያባዛው የገባለትን ሕዋስ ብቻ ነው።

የዚህም ምስክር በ2004 ከብራዚል ተሰምቷል። ሲልቫሮላ፣ ማዛፌራና ፋዙኦሊ የተባሉ መርማሪዎች ከኢትዮጵያ ከተወሰደ ዘር የበቀሉ ከ3,000 የሚበልጡ የቡና ዛፎችን አንድ በአንድ መርምረው፣ ካፌይን የሌላቸው ሊባሉ የሚችሉ 3 ዛፎች አገኙ። ወሬው ሲሰማ በአገራችን ስለ ዘሩ ባለቤትነት ብዙ ክርክር ተነሥቶ ነበር። እነዚህ ዛፎች ካፌይን ከመሥራታቸው አንድ ደረጃ ቀድመው ቲዮብሮሚን በሚባለው ነገር ላይ ይቆማሉ። እንዲህ ያደረጋቸው ጨውም አይደለም፤ ብርሃንም አይደለም፤ የወረሱት ዘር ነው። ያም ዘር በ1964 በመንግሥታት ድርጅት የምግብና የእርሻ ክፍል ጉዞ ጊዜ ከአገራችን የተለቀመ ነበር።